የመንግሥት ጥናትና የአየር ትራንስፖርት ገበያ፦ ወጪው የማን? ትርፉስ?

አንድ አስመጪ ሸቀጡን በአውሮፕላን ሲያስጭን በኪሎ የሚከፍለው ሂሳብ ከምን ከምን የተገነባ እንደሆነ ቢጠየቅ፣ ነዳጅን፣ የአየር መንገዱን ትርፍ፣ የመጋዘንና የአያያዝ ወጪን መዘርዘሩ አይቀርም። በዝርዝሩ ውስጥ የማይገባ አንድ ነገር ግን አለ። ይኸውም ከሃያና ከሠላሳ ዓመታት በፊት መንግሥታት በምርምር ጣቢያዎቻቸው ያፈሰሱት የጥናት ገንዘብ ነው። ይህ ገንዘብ በደረሰኝ ላይ ባይጻፍም፣ ዛሬ አንድ ቶን ጭነት ከአዲስ አበባ አውሮፓ ለማድረስ ስንት ሊትር ነዳጅ እንደሚቃጠል ከወሰኑት ነገሮች አንዱ እርሱ ነው።

ጉዳዩ ለአየር መንገድ ኃላፊዎችና ለመሐንዲሶች ብቻ የሚተው አይደለም። ትኩስ አበባ የሚልከው፣ መለዋወጫ ከዱባይ የሚያስመጣው፣ በጭነት አስተላላፊነትና በጉዞ ወኪልነት የተሰማራው ሁሉ ትርፉ የተመሠረተው ሌሎች አጥንተው ባስገኙት ቴክኖሎጂ ላይ ነው። በመሆኑም ጥናቱን ማን እንደሚከፍል፣ ውጤቱ ገበያ ላይ ለመድረስ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ፣ የትኛው ተስፋ ሚዛን እንደሚደፋና የትኛው ከወሬ እንደማያልፍ ለይቶ ማወቅ ለነጋዴውም ጠቃሚ ነው።

ገበያው ራሱ ለምን አያጠናም?

በኢኮኖሚክስ ትምህርት ዕውቀት ከሌሎች ሸቀጦች የሚለይበት ጠባይ አለው። አንድ ኩንታል ጤፍ አንዱ ከገዛው ለሌላው አይተርፍም። አንድ የክንፍ ቅርጽ ነዳጅ እንደሚቆጥብ አንዴ ከታወቀ ግን አንዱ ቢጠቀምበት ለሌላው አይጎድልም፤ ሌላውም አይቶ ከመቅዳት የሚያግደው ነገር አነስተኛ ነው። እንደ መንገድ መብራት ነው፤ አንዱ ቢያስተክለው ጎረቤቱም በነጻ ይሄድበታል። የኢኮኖሚክስ ባለሙያዎች ይህን መሰሉን ነገር ፐብሊክ ጉድ ወይም የጋራ ሀብት ይሉታል።

ከዚህ የተነሳ በትርፍ የሚተዳደር ኩባንያ ለመሠረታዊ ጥናት የሚያወጣው ገንዘብ አገር ከምትፈልገው ያነሰ ይሆናል። በአቪዬሽን ዘርፍ ደግሞ ሁለት ተጨማሪ ምክንያቶች አሉ። አንደኛው የጊዜው ርዝመት ነው። ዛሬ የተጀመረ ጥናት ገቢ ማምጣት የሚጀምረው ከ15 እና ከ20 ዓመት በኋላ ሲሆን፣ ባለአክሲዮን ግን የትርፍ ድርሻውን በየዓመቱ ይጠብቃል። ሁለተኛው የመሣሪያው ውድነት ነው። ሙሉ አውሮፕላን የሚያስገባ የነፋስ መሞከሪያ ዋሻ መሥራት ለአንድ ፋብሪካ አይዋጣም፤ መንግሥት ሠርቶት ሁሉም ቢጠቀምበት ግን ወጪው ይከፋፈላል።

በአምስት ሺህ ዶላር የተጀመረው ሥራ

የዚህ አሠራር ግልጽ ምሳሌ የአሜሪካ ታሪክ ነው። የራይት ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1903 የመጀመሪያውን በሞተር የታገዘ በረራ ያካሄዱት በአሜሪካ ምድር ነበር። ይሁን እንጂ አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ በአውሮፕላን ሥራ የቀደሙት አውሮፓውያን ሆነው ተገኙ። በዚህም ምክንያት የአሜሪካ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1915 ናካ በሚል ምህጻረ ቃል የሚታወቀውን የበረራ ጥናት አማካሪ ኮሚቴ አቋቋመ። ውሳኔው ለብቻው እንኳ አልቀረበም፤ በባሕር ኃይሉ በጀት ሕግ ላይ ተጨምሮ ያለፈ ነበር። የተመደበለት ገንዘብ በዓመት 5 ሺህ ዶላር ሲሆን፣ 12ቱ አባላት የሚያገለግሉት ያለ ደመወዝ ነበር።

ኮሚቴው በቨርጂኒያ ክፍለ ግዛት ላንግሌይ በተባለው ሥፍራ የምርምር ጣቢያ አቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1927 ደግሞ የአውሮፕላንን አካል ከነሞተሩና ከነውልብልቢቱ በሙሉ መጠኑ የሚይዝ የነፋስ ዋሻ ሥራ ጀመረ። በዚያን ዘመን አየር እንዲያቀዘቅዘው ተብሎ የአውሮፕላን ሞተር ያለ ሽፋን ይተው ነበር። ተመራማሪዎቹ የተገለጠው ሞተር አውሮፕላኑን ምን ያህል ወደኋላ እንደሚጎትት ለክተው፣ ሞተሩን ሳያፍን የሚሸፍን ክዳን ቀረጹ። እ.ኤ.አ. በ1929 ይኸው ክዳን በአንድ የሎክሂድ አውሮፕላን ላይ ሲገጠም ከፍተኛ ፍጥነቱ በሰዓት ከ253 ወደ 285 ኪሎ ሜትር ከፍ አለ። የተለወጠው ሽፋኑ ብቻ እንጂ ሞተሩ ያው ነበር።

ሌላው ሥራ የክንፍ ቅርጽ ጥናት ነው። ኮሚቴው እ.ኤ.አ. በ1933 የ78 የክንፍ ቅርጾችን የፈተና ውጤት በሠንጠረዥ አውጥቶ ለሕዝብ ይፋ አደረገ። ከዚያ በኋላ ማንኛውም ፋብሪካ ከልብስ ሰፊ የናሙና መጽሐፍ እንደሚመርጥ ደንበኛ ለሥራው የሚስማማውን እየመረጠ ይወስድ ጀመር። ከወሰዱት አንዱ ዳግላስ ኩባንያ ሲሆን፣ ዲሲ-3 የተባለውን ዝነኛ አውሮፕላን ክንፍ የሠራው ከዚሁ የቅርጽ ዝርያ ነው።

የዲሲ-3 ወታደራዊ ዓይነት የሆነው ሲ-47 ደግሞ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 8 ቀን 1946 በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው በዚሁ አውሮፕላን ነው። አገሪቱ ለክንፉም ሆነ ለሞተሩ ሽፋን ጥናት የከፈለችው ነገር አልነበረም። የጋራ ሀብት ጠባዩ ይኸው ነው፤ ጥቅሙ ከከፋዩ አልፎ ከድንበር ይሻገራል።

ነዳጅ ሲወደድ

ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1957 ስፑትኒክን ካመጠቀች በኋላ አሜሪካ ናካን አፍርሳ በ1958 ናሳን አቋቋመች። ብዙ ሰው ናሳን የሚያውቀው በጨረቃና በሮኬት ነው። ሆኖም በስሙ ውስጥ ከጠፈር ቀድሞ የተጠቀሰው የበረራ ጥናት ነው። እርግጥ ስሙ ቢቀድምም በጀቱ ወደኋላ ቀርቷል። እ.ኤ.አ. በ2024 ከድርጅቱ ወደ 25 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ በጀት ውስጥ ለበረራ ጥናት የደረሰው 935 ሚሊዮን ያህል ነው። ከእያንዳንዱ ዶላር አራት ሳንቲም እንኳ አይሞላም።

ይህ ትንሽ ድርሻ ትልቅ ሥራ የሠራው ነዳጅ በተወደደ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 በአረብ አገሮች የነዳጅ ማዕቀብ ሳቢያ የድፍድፍ ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ አራት እጥፍ ገደማ አሻቀበ። ናሳም እ.ኤ.አ. በ1976 የአውሮፕላን ነዳጅ ቁጠባ ፕሮግራም ጀመረ። ከውጤቶቹ ሁለቱን ማየት ይበቃል።

የመጀመሪያው በዛሬ አውሮፕላኖች ክንፍ ጫፍ ላይ ወደ ላይ ታጥፎ የሚታየው ዊንግሌት ነው። አውሮፕላን ሲበር ከክንፉ ሥር ያለው አየር ከላይኛው የበለጠ ግፊት ስላለው በጫፉ በኩል ሾልኮ ወደ ላይ ይሽከረከራል። ይህ ሽክርክሪት አውሮፕላኑን ወደኋላ ስለሚጎትት፣ ከተቀደደ ጆንያ እንደሚፈስ እህል ነዳጁን ያባክናል። የላንግሌዩ መሐንዲስ ሪቻርድ ዊትኮም በ1970ዎቹ ይህን ቀዳዳ የሚያጠብብ የጫፍ ክንፍ ነደፈ። እ.ኤ.አ. በ1979 እና 1980 ኬሲ-135 በተባለ የአየር ኃይል አውሮፕላን ላይ ተሞክሮ ከ6 በመቶ በላይ የነዳጅ ቁጠባ አስገኘ። በቦይንግ 747-400 ላይ ተገጥሞ የመንገደኞች አገልግሎት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው።

ይህ ቁጥር በገንዘብ ሲመነዘር ምን ማለት እንደሆነ በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። ለምሳሌ ያህል አንድ ትልቅ አውሮፕላን በሰዓት 5 ቶን ነዳጅ የሚያቃጥል፣ በዓመትም 4 ሺህ ሰዓት የሚበር ቢሆን፣ የዓመት ፍጆታው 20 ሺህ ቶን ይሆናል። ከዚህ ላይ 5 በመቶ ቢቆጠብ 1 ሺህ ቶን ነው። የአንድ ቶን ዋጋ 800 ዶላር ቢሆን አየር መንገዱ ከአንዱ አውሮፕላን ብቻ በዓመት 800 ሺህ ዶላር ያተርፋል ማለት ነው። አሥር አውሮፕላን ያለው 8 ሚሊዮን ዶላር ይቆጥባል። ፉክክር ባለበት መስመር ከዚህ ቁጠባ የተወሰነው ወደ ላኪውና ወደ መንገደኛው ይወርዳል፤ ፉክክር በሌለበት መስመር ግን ከአየር መንገዱ ካዝና ላይወጣ ይችላል።

ሁለተኛው ውጤት የሞተር ጥናት ነው። ናሳ ጄኔራል ኤሌክትሪክና ፕራት ኤንድ ዊትኒ ለተባሉት ኩባንያዎች ገንዘብ ሰጥቶ ነዳጅ ቆጣቢ ሞተር እንዲያጠኑ አደረገ። ጄኔራል ኤሌክትሪክ በዚህ ጥናት ላይ ተመሥርቶ ጂኢ90 የተባለውን ሞተር ሠራ። ሞተሩ በቦይንግ 777 ላይ አገልግሎት የጀመረው ግን እ.ኤ.አ. በ1995 ነበር። ዛሬ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በሚያበራቸው የ777 የመንገደኛና የጭነት አውሮፕላኖች ላይ የሚታየው የዚሁ ሞተር ዝርያ ነው። ከጥናቱ እስከ ገበያው 15 ዓመት ያህል አልፏል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ነው።

ነዳጅ ሲረክስ

ጥሩ ጥናት ሁሉ ግን ገበያ አያገኝም። በዚያው ፕሮግራም ሥር ፕሮፕፋን የተባለ፣ ምላጮቹ ከሽፋን ውጭ የሚሽከረከሩ ሞተር ተጠንቶ ነበር። ሞተሩ ከተለመዱት ይልቅ በእጅጉ ነዳጅ ቆጣቢ ሆኖ ተገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ1986 እና 1987 በአየር ላይም ተፈተነ። ናሳና አጋር ኩባንያዎቹም የ1987ን የኮልየር ሽልማት ተቀበሉበት።

ይሁን እንጂ በዚያው በ1986 የድፍድፍ ዋጋ ከ25 ዶላር በላይ ከነበረበት ወርዶ በበርሜል ወደ 10 ዶላር ተጠጋ። በዚህ ጊዜ አየር መንገዶች ለአዲስና ጫጫታ ለሚበዛው ሞተር ተጨማሪ ገንዘብ የሚያወጡበት ምክንያት አጡ። ሞተሩም ሽልማቱን እንደያዘ መደርደሪያ ላይ ቀረ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ጄኔራል ኤሌክትሪክና የፈረንሳዩ ሳፍራን በጋራ ያቋቋሙት ሲኤፍኤም እ.ኤ.አ. በ2021 ይህንኑ ክፍት ሞተር በአዲስ መልክ ይዞ ቀርቧል። ዓላማው የነዳጅ ፍጆታን ከ20 በመቶ በላይ መቀነስ ሲሆን፣ በ2030ዎቹ አጋማሽ ለገበያ ዝግጁ ለማድረግ ታቅዷል። እንግዲህ መንግሥት ያስጠናው ዕውቀት እንደ ጎተራ እህል ነው። በጥጋብ ጊዜ ማንም አያየውም፤ የነዳጅ ዋጋ ሲንር ግን ሁሉም ወደዚያው ይሮጣል።

ፍጥነት ብቻውን አያተርፍም

መንግሥት ከጥናት አልፎ ሸቀጡን ራሱ መርጦ ለመሥራት ሲነሳ ምን እንደሚገጥመው ኮንኮርድ አሳይቷል። የእንግሊዝና የፈረንሳይ መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1962 ተስማምተው ከድምፅ ሁለት እጥፍ የሚፈጥን የመንገደኛ አውሮፕላን ለመሥራት ተነሱ። አውሮፕላኑ በ1969 በረረ፤ በ1976 መንገደኛ ማጓጓዝ ጀመረ። በምሕንድስና በኩል የሚደነቅ ሥራ ነበር። ነገር ግን የሚይዘው 100 መንገደኛ ገደማ ብቻ ሲሆን ነዳጅ ይፈጅ ነበር። ከድምፅ ሲያልፍ የሚፈጥረው ፍንዳታ መሰል ድምፅም ከባሕር በላይ ካልሆነ በቀር በሙሉ ፍጥነቱ እንዳይበር አደረገው። በመጨረሻ በመደበኛ አገልግሎት የተሰማሩት 14 ብቻ ነበሩ። እነርሱም የሁለቱ አገሮች አየር መንገዶች ንብረት ሆነው ቆይተው እ.ኤ.አ. በ2003 ከአገልግሎት ወጡ። አሜሪካ በበኩሏ የራሷን ተመሳሳይ ዕቅድ ምክር ቤቱ በ1971 ገንዘብ በመከልከሉ ገና በጅምሩ ትታዋለች።

ናሳ አሁን የያዘው መንገድ ከዚህ የተለየ ነው። የሚሸጥ አውሮፕላን ከመሥራት ይልቅ ገበያውን የዘጋውን አንድ እንቅፋት ብቻ ነጥሎ ያጠናል፤ ይኸውም ድምፁ ነው። በእ.ኤ.አ. 2018 ለሎክሂድ ማርቲን በ247 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ውል የተሰጠው ኤክስ-59 የተባለው የሙከራ አውሮፕላን ረጅምና ሹል አፍንጫ ያለው ሲሆን፣ ፍንዳታውን የመኪና በር ሲዘጋ ወደሚሰማ ዓይነት ለስላሳ ድምፅ ለመለወጥ የታቀደ ነው። የመጀመሪያ በረራውንም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 አድርጓል። ቀጣዩ ሥራ ከተሞች ላይ እየበረሩ ነዋሪውን መጠየቅና መረጃውን ለሕግ አውጪዎች ማቅረብ ነው። አሜሪካ ከ1973 ጀምሮ በየብስ ላይ ከድምፅ የፈጠነ የንግድ በረራን ከልክላ የቆየች ሲሆን፣ ክልከላው እንዲነሳ ፕሬዚዳንቱ በሰኔ 2025 ትእዛዝ ሰጥተዋል።

ጥናት ወይስ ድጎማ?

የመንግሥት ጥናት የንግድ ጠብም ያስነሳል። አሜሪካና የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በዓለም የንግድ ድርጅት ፊት ተካሰው ነበር። አሜሪካ ኤርባስ ከመንግሥታት የሚያገኘው ለስላሳ ብድር ድጎማ ነው ስትል፣ አውሮፓ ደግሞ ናሳ ለቦይንግ የሚያስጠናው ጥናትም ያው ድጎማ ነው አለች። ድርጅቱ በሁለቱም ላይ ጥፋት አገኘ። ናሳ ለቦይንግ የሰጠው የጥናት ድጋፍም እ.ኤ.አ. በ2012 በተሰጠው የይግባኝ ውሳኔ ድጎማ ተብሏል።

ውጤቱ ከአውሮፕላን ጋር ምንም ግንኙነት የሌላቸውን ነጋዴዎች የነካ ነበር። አሜሪካ በ2019 በ7.5 ቢሊዮን ዶላር የአውሮፓ ዕቃ ላይ ቀረጥ እንድትጥል ሲፈቀድላት ወይንና አይብ ሻጮች ሳይቀሩ ተጎዱ። በቀጣዩ ዓመት አውሮፓም በ4 ቢሊዮን ዶላር የአሜሪካ ዕቃ ላይ እንድትጥል ተፈቀደላት። ሁለቱ ወገኖች በ2021 ለአምስት ዓመት ጠቡን ለማብረድ ተስማምተዋል። አውሮፓ ራሷም ክሊን ስካይ የተባለ የ1.6 ቢሊዮን ዩሮ የጥናት ፕሮግራም በ2008 የጀመረች ሲሆን፣ ወጪውን መንግሥትና ኢንዱስትሪው በእኩል የሚጋሩት ነው።

የቦሌ ከፍታና የላኪው ሂሳብ

ለኢትዮጵያ ነጋዴ ነገሩ ይበልጥ የሚከብድበት አንድ የተፈጥሮ ምክንያት አለ። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይገኛል። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ወለሉ በ20 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ስስ አየር ክንፉንም ሞተሩንም ስለሚያደክም አውሮፕላኑ ከመሬት ለመነሳት ክብደት መቀነስ አለበት። የሚቀነሰው ደግሞ ወይ ነዳጅ ነው ወይ ጭነት።

ከዋሽንግተን የሚነሳ መንገደኛ ያለማቋረጥ አዲስ አበባ ሲገባ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው ግን በመንገድ ላይ ነዳጅ ለመሙላት የሚያርፈው በዋናነት በዚህ ምክንያት ነው። አበባ ላኪውም ቢሆን ያው ችግር አለበት። ቢሾፍቱ አካባቢ እንዲሠራ ለታቀደው አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ ከሚቀርቡት ምክንያቶች አንዱም ቦታው ከቦሌ ዝቅ ያለ መሆኑ ነው።

ስለሆነም ቀላል አካልና ብርቱ ሞተር ለአዲስ አበባ የሚሰጠው ጥቅም በባሕር ዳርቻ ላለ ከተማ ከሚሰጠው ይበልጣል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2012 ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበው ቦይንግ 787 ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ከካርቦን ፋይበር መሰል ጥምር ቁሶች የተሠራ ነው። የሞተሩ መሸፈኛ የኋላ ጠርዝ እንደ መጋዝ ጥርስ የተቆራረጠ ሲሆን፣ ይህም ናሳ ከቦይንግና ከጄኔራል ኤሌክትሪክ ጋር ድምፅ ለመቀነስ ያጠናው ነው። የአውሮፓ ማረፊያዎች በድምፅ መጠን ክፍያ የሚጥሉና የሌሊት በረራ የሚገድቡ በመሆናቸው፣ ጸጥታም ለጭነት ሥራ በገንዘብ የሚተመን ነገር ነው።

ሚዛን የሚደፋውና ላም አለኝ በሰማይ

ስለ ነገው የአየር ጉዞ የሚነገረው ተስፋ ብዙ ነው። የቅርብ ዓመታት ታሪክ ግን ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግ ያስተምራል። ናሳ ኤክስ-57 የተባለውን የኤሌክትሪክ አውሮፕላን ከ2016 ጀምሮ ሲሠራ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2023 ሳይበር ዘግቶታል። በ2023 ናሳ 425 ሚሊዮን ዶላር፣ ቦይንግና አጋሮቹ 725 ሚሊዮን ዶላር ሊያወጡበት የተስማሙበት፣ ረጅምና ቀጭን ክንፍ ያለው ኤክስ-66 ነዳጅ እስከ 30 በመቶ ይቆጥባል ተብሎ ነበር። በሚያዝያ 2025 ግን የአውሮፕላኑ ሥራ ቆሞ ጥናቱ ቀጭን ክንፍ ላይ ብቻ እንዲያተኩር ተወሰነ። ኤርባስም በሃይድሮጂን የሚበር አውሮፕላን በ2035 ለማቅረብ የነበረውን ዕቅድ እ.ኤ.አ. በ2025 ወደኋላ ገፍቶታል።

መዘግየቱ በጥናት ላይ ባሉት ብቻ አይወሰንም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ስምንት ያዘዘው ቦይንግ 777-9 መጀመሪያ በ2020 ለገበያ ይቀርባል የተባለ ሲሆን፣ ቦይንግ የመጀመሪያውን ርክክብ ወደ 2027 አዛውሯል። ይህን አውሮፕላን ታሳቢ አድርጎ የረጅም ጊዜ ዕቅድ የሚያወጣ ሁሉ ለመዘግየት ቦታ መተው አለበት።

በአንጻሩ አንድ ወጪ በሕግ ተጽፎ ቀኑ ተቆርጦለታል። የአውሮፓ ኅብረት በማረፊያዎቹ ከሚቀርበው የአውሮፕላን ነዳጅ ውስጥ ከ2025 ጀምሮ 2 በመቶ፣ በ2030 ደግሞ 6 በመቶ፣ በ2050 እስከ 70 በመቶ ከጥቅም ላይ የዋለ ዘይትና ከመሳሰለው የሚመረት ዘላቂ ነዳጅ እንዲሆን ደንግጓል። ይህ ነዳጅ ከተለመደው ብዙ እጥፍ ይወደዳል፤ በ2024 የተመረተውም ከዓለም ፍጆታ 0.3 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ወደ አውሮፓ የሚበር አውሮፕላን ሲመለስ ከዚያው ነዳጅ ስለሚቀዳ፣ የዋጋው ጭማሪ ከጊዜ በኋላ በአበባ ላኪው የጭነት ሂሳብ ላይ መታየቱ አይቀርም።

ከዚህ ሁሉ ለባለሀብቱ የሚቀሩት ሦስት መመዘኛዎች ናቸው። ስለ አንድ አዲስ የበረራ ቴክኖሎጂ ሲሰማ፣ በመጀመሪያ በአየር ላይ ተፈትኗል ወይስ በወረቀት ላይ ነው ብሎ መጠየቅ አለበት። ዊንግሌት እንኳ ከተፈተነ በኋላ አሥር ዓመት ያህል ፈጅቷል። ሁለተኛ፣ የሚያዋጣው ነዳጅ በምን ያህል ዋጋ ሲሸጥ ነው ማለት ይገባል፤ ፕሮፕፋን የወደቀው በዚህ ፈተና ነውና። ሦስተኛ፣ እንቅፋቱ ቴክኒክ ነው ወይስ ሕግ የሚለውን መለየት ይኖርበታል፤ ኮንኮርድን ያሰረው የሞተሩ ድካም አልነበረም። ሦስቱንም ጥያቄዎች ያላለፈ ተስፋ ላም አለኝ በሰማይ ነው። በሰማይ ላለች ላም ደግሞ የወተት ማለቢያ ቀድሞ የሚገዛ ነጋዴ የለም።